ሥር የሰደደ ሕመምና በማስተዋል መብላት፦ ሰውነትን ማዳመጥ እስከ ምን ድረስ ያዋጣል?

«ሲርብህ ብላ፣ ስትጠግብ አቁም፤ ሰውነትህ የሚነግርህን ስማ።» ይህ ምክር ሙሉ ጤና ላለው ሰው ብዙም ጉዳት የለውም። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ይዞ ለሚኖር ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። የሚሰማውን ረሃብ ያመጣው የሚውጠው መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ሁለት ጉርሻ ሳይወስድ የሚሰማው ጥጋብ ከምግቡ ሳይሆን ሆዱ አካባቢ ከተጠራቀመ ፈሳሽ የመጣ ሊሆን ይችላል። ምንም ሳይርበው ሰዓት ጠብቆ መብላት ያለበትም አለ።

በማስተዋል መብላት፣ ወይም ብዙዎች እንደሚሉት ማይንድፉል ኢቲንግ፣ በየጤና ምክሩ ሲነሳ እነዚህ ልዩነቶች አብዛኛውን ጊዜ ይዘለላሉ። ልምምዱ ለሕመምተኛ ይጠቅማል። የሚጠቅመው ግን የትኛውን የሰውነት ምልክት ማመን፣ የትኛውን ደግሞ በመለኪያ ማጣራት እንደሚገባ ከተለየ በኋላ ነው።

በማስተዋል መብላት ሲባል ምን ማለት ነው?

አስተውሎት የሚባለው ትኩረትን ሆን ብሎ አሁን እየሆነ ባለው ነገር ላይ ማሳረፍ ነው፤ ያዩትን ወዲያው «ጥሩ»፣ «መጥፎ» ብሎ ሳይፈርዱ። ወደ ማዕድ ሲመጣ ሦስት ነገሮችን መከታተል ይሆናል፦ አሁን ለመብላት ያነሳሳኝ ምንድን ነው፣ ምግቡ አፌ ውስጥ ምን ይመስላል፣ ሆዴስ መቼ ነው የሚበቃው?

ልምምዱ ወደ ሕክምናው ዓለም የገባው በራሱ በቆየ ሕመም በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት-ዚን በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ኋላ በ8 ሳምንት ርዝመቱ የታወቀውን ሥልጠና ጀመረ። ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ ሕክምናው አቅሙ የፈቀደውን ያህል ሞክሮላቸው ሕመሙ አልለቅ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ከልምምዶቹ አንዱ አንዲት ፍሬ ዘቢብ አንስቶ ማየት፣ ማሽተት፣ አፍ ውስጥ ማገላበጥና ከዚያ ቀስ ብሎ ማላመጥ ነው። ቆየት ብሎ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ጂን ክሪስቴለር ዘዴውን ራሳቸውን መቆጣጠር እያቃታቸው በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ለሚበሉ ሰዎች እንዲስማማ አድርጋ አሰናዳችው።

ከዳይት ጋር የሚምታታበት ጊዜ አለ። ዳይት የሚወስነው ምን እና ምን ያህል እንደሚበላ ነው። በማስተዋል መብላት ስለዚያ አንድም ቃል አይናገርም፤ እንዴትና ለምን እንደሚበላ ብቻ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ሐኪም ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያ የሰጠውን የምግብ ዕቅድ አይተካም። ዕቅዱ ወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር ያግዛል እንጂ። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት በበለጸጉ አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ ሕክምናን በታዘዘው መሠረት የሚከተሉ ሕመምተኞች በአማካይ 50 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ገልጿል።

ጥጋብ እንዴት ይመጣል?

ምግብ ሲገባ ጨጓራ ይለጠጣል። በግድግዳው ያሉ የነርቭ ጫፎች መለጠጡን በቬገስ ነርቭ አማካይነት ወደ አንጎል ግንድ ያደርሳሉ። ፈጣኑ መልእክት ይህ ነው። ምግቡ ወደ ትንሹ አንጀት ሲያልፍ ደግሞ ሲሲኬ፣ ጂኤልፒ-1 እና ፒዋይዋይ የሚባሉ ሆርሞኖች ይለቀቃሉ፤ ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ያደርጋሉ፣ ለአንጎልም «ይበቃል» ይላሉ። ከባዶ ጨጓራ የሚመነጨውና ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊንም እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ጥጋብ እስኪሰማን 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በሰባትና ስምንት ደቂቃ ሰሃኑን ያጸዳ ሰው መልእክቱ ሲደርሰው ሁለተኛውን ሰሃን ጀምሯል፤ ቁንጣኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሌላ የጥጋብ ምንጭ ትውስታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት፣ ከባድ የመርሳት ችግር የነበረባቸው ሁለት ሰዎች ምሳቸውን ከበሉ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ሌላ ምሳ ሲቀርብላቸው ምንም እንዳልበሉ ሆነው እንደገና በልተዋል። ጨጓራቸው ሙሉ ነበር፤ መብላታቸውን ግን አላስታወሱም። ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ላይ ዐይኑን ተክሎ የሚበላ ሰውም በትንሹ እንዲሁ ነው የሚሆነው። ምግቡ በአእምሮው ሳይመዘገብ ያልፋል፤ በዚያው ማዕድ ላይ አብዝቶ መብላቱ ሳያንስ ከሰዓታት በኋላ በመክሰስ ላይም ይጨምራል። እየበሉ ሌላ ነገር አለማየት ከሚመከርባቸው ምክንያቶች ሁሉ ይህኛው የበለጠ ክብደት ያለው ይመስለናል።

ሕመሙና መድኃኒቱ ምን ይቀይራሉ?

ሰውነትን እንደ መኪና ዳሽቦርድ እናስበው። ነዳጅ ሲያልቅ መርፌው ይወርዳል፤ ይህ ረሃብ ነው። ሥር የሰደደ ሕመም ባለበት ሰው ላይ ግን መርፌው የተዛባ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ጭራሽ መርፌ ያልተሠራላቸው ነገሮች አሉ፤ በደም ውስጥ ያለ ፖታሲየም፣ የደም ግፊት፣ ቀስ በቀስ ከፍ ያለ ስኳር። እነዚህን አንድ ሰው የቱንም ያህል ዐይኑን ጨፍኖ ቢያዳምጥ ጉዳት እስኪያደርሱ ድረስ ላይሰሙት ይችላሉ። የሚታወቁት በምርመራ ብቻ ነው።

መርፌውን ከሚያዛቡት መድኃኒቶች ቀዳሚዎቹ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይዶች ናቸው። በተጀመሩ በቀናት ውስጥ የማያባራ ረሃብ ሊያመጡ ይችላሉ፤ የደም ስኳርንም ከፍ ያደርጋሉ። ጠዋት የተዋጠ ፕሬድኒሶሎን ስኳርን በይበልጥ የሚያወጣው ከሰዓት በኋላና ምሽት ላይ ስለሆነ፣ ጠዋት ብቻ የሚለካ ሰው ላያየው ይችላል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ኦላንዛፒንና ሚርታዛፒን፣ ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው ፕሪጋባሊን፣ እንዲሁም ኢንሱሊን ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ። በተቃራኒው የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን በተለይ መጀመሪያ ላይ ሊያቅለሸልሽ ይችላል፤ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ይቀንሳል። ለስኳርና ክብደት ለመቀነስ የሚሰጡት እንደ ሴማግሉታይድ ያሉት ደግሞ ጨጓራ ቀስ ብሎ እንዲራገፍ ስለሚያደርጉ ጥጋቡ ቀድሞ ይመጣል፤ ልማድ ሆኖበት ሰሃኑን ሊጨርስ የሚታገል ሰው ሊያስመልሰው ይችላል።

ሕመሙ ራሱም የድርሻውን ያደርጋል። ለረጅም ዓመታት ስኳር የነበረበት ሰው የጨጓራ ነርቮቹ ተጎድተው ምግብ ሆዱ ውስጥ ሊያድር ይችላል። ልቡ የደከመ ሰው አንጀቱ አካባቢ ፈሳሽ ስለሚጠራቀም ጥቂት በልቶ ይጠግባል። ኩላሊቱ በጣም የተዳከመ ሰው አፉ ብረት ብረት ይለዋል፣ ሥጋ ይሸተዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ከራሱ ጋር ይጣላል። ስቴሮይድ እየወሰደ የሚርበው ሰው «ሆዳም ሆንኩ» ይላል፤ ችግሩ ግን የመጣው ከክኒኑ ነው።

የሚሰማኝ ረሃብ የትኛው ነው?

ለመብላት እጅ ከመሰደዱ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። በተግባር ሦስት ዓይነት ረሃብ መለየት ይበቃል።

የሆድ ረሃብ ቀስ እያለ ይመጣል። ሆድ ይሞረሙራል፣ ወስፋት ይጮኻል፣ ጉልበት ይደክማል። መጨረሻ የተበላው ከሦስትና አራት ሰዓት በፊት ከሆነ ይጠበቃል። ማንኛውም ምግብ ያስታግሠዋል፤ «አሁን ቀቅል አትክልት ቢቀርብልኝ እበላለሁ?» ብሎ ራስን መጠየቅ ጥሩ መፈተኛ ነው።

አምሮት ድንገት ይመጣል፣ የሚፈልገውም አንድ የተለየ ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጣፋጭ ወይም ጨዋማና ቅባት ያለው። ቀደም ብሎ የሆነ ነገር አለ፦ የምርመራ ውጤት መጠበቅ፣ ሌሊቱን ያላስተኛ ሕመም፣ ብቻ መሆን። ጭንቀት ሲቆይ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ከፍ ይላል፣ እሱም የምግብ ፍላጎትን ያነሳሳል። አምሮት እንደ መጣ ወዲያው መታገልም መታዘዝም አያስፈልግም። ሰዓት አይቶ 10 ደቂቃ መቆየትና ስሜቱ የሰውነት የቱ ጋ እንዳለ ማስተዋል ነው፤ ጉሮሮ ላይ፣ ደረት ላይ፣ እጅ ላይ። ብዙ ጊዜ ከፍ ይልና ይበርዳል። ካልበረደ ከዕቅዱ ጋር በሚስማማ መጠን ሰሃን ላይ አውጥቶ፣ ተቀምጦ መብላት ነው። ከፓኮው እየዘገኑ መብላት መጠኑን ስለሚያስረሳ አይመከርም።

ሦስተኛው የስኳር መውረድ ነው፤ እዚህ ላይ ልምምድ የሚባል ነገር የለም። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ድንገት ካላበው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ልቡ ከመታ፣ ከተነጫነጨ ወይም ግራ ከተጋባ መለካት አለበት። ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ 15 ግራም ቶሎ የሚሠራ ስኳር ይውሰድ፤ ይህም ግማሽ ብርጭቆ፣ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ የፍራፍሬ ጭማቂ ወይም 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ነው። 15 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ይለካ፤ ካልወጣ ይድገም። መለኪያ አጠገቡ ከሌለ ወርዷል ብሎ መውሰዱ ይሻላል። ቸኮሌት እዚህ ላይ አይረዳም፤ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። ለደም ግፊት ወይም ለልብ ቤታ ብሎከር የሚወስድ ሰው የልብ ምቱና መንቀጥቀጡ ሊደበቅበት ይችላል፤ ላቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይኖራል። ስኳሩ ደጋግሞ የወረደበት ሰውም ከጊዜ በኋላ ምልክቱ ጭራሽ ሊጠፋበት ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው «ሰውነትህን ስማ» ማለት አደገኛ ምክር ነው።

በአንድ ማዕድ ላይ እንዴት ይደረጋል?

ሦስቱንም ማዕድ በአንድ ጊዜ ለመለወጥ የሚነሳ ሰው በሳምንቱ ይተወዋል። ከቀኑ ውስጥ ጥድፊያ የሌለበትን አንዱን ይምረጡ፤ ለሁለት ሳምንት በእሱ ብቻ ይለማመዱ።

መጠኑ የሚወሰነው ከመቀመጥ በፊት ነው። በታዘዘልዎ ዕቅድ መሠረት ሰሃን ላይ ያውጡ፣ ድስቱንና ትርፉን ከፊትዎ ያርቁ። ስኳር የሚለኩ ከሆነ ይለኩ፤ ከምግብ በፊት የሚወሰድ መድኃኒት ካለም በሰዓቱ ይውሰዱ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። ገልብጦ አጠገብ ማስቀመጥ አይበቃም፣ ሲንጫጫ እጅ መሄዱ አይቀርም።

ከዚያ ሦስት ጊዜ በዝግታ ይተንፍሱና ረሃብዎን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጡት። 0 ጠኔ ነው፣ 5 አይርብም አይጠግብም፣ 10 መቀመጥ የሚያቅት ቁንጣን። 3 አካባቢ ሆኖ መጀመር ይመረጣል። 1 ላይ የተቀመጠ ሰው ምንም ቢያስብ ጥድፊያውን አይችለውም፤ ስለዚህ ረሃብ እዚያ ሳይደርስ መብላትም የልምምዱ አካል ነው።

ሙሉ ትኩረት የሚያስፈልገው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ጉርሻዎች ነው። ሽታው፣ ሙቀቱ፣ ጨው መብዛት ማነሱ፣ ሲላመጥ የሚለወጠው ጣዕም። ምላስ የሚለምደው ቶሎ ነው፤ አሥረኛው ጉርሻ እንደ መጀመሪያው አይጣፍጥም፣ ይህን ራስዎ ሲያስተውሉት መጨመር ያለ ግድ ይቀንሳል። አፍዎ ውስጥ ያለው ሳይዋጥ ማንኪያውን አይሙሉ፤ ያስቀምጡት። «30 ጊዜ አላምጥ» የሚሉት ደንብ ግን ይቅርብዎ፤ ሰው ቁጥር ሲቆጥር ምግቡን ያጣዋል።

ግማሽ ላይ ሲደርሱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያቁሙ፤ ቁጥሩ ስንት ሆነ? 7 አካባቢ፣ ማለትም «ቢጨመር እበላለሁ፣ ባይጨመርም አይከፋኝም» የሚባልበት ቦታ ላይ ማቆም ይመከራል። ኢንሱሊን የሚወስዱ ግን ቀጥሎ ያለውን ሳያነቡ ይህን አይተግብሩ። ሐሳብ ይሄዳል፤ በየሁለት ደቂቃው ቢሄድ እንኳ ልምምዱ ከሽፏል ማለት አይደለም። መሄዱን አውቆ ወደ አፍ መመለስ ራሱ ልምምዱ ነው።

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ለምን ይጠንቀቅ?

ብዙዎቹ ጽሑፎች የሚዘሉት ይህን ነው። አንድ ሰው ምሳው 60 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው ብሎ ለዚያ የሚሆን ፈጣን ኢንሱሊን ወጋ እንበል። ምሳውን በማስተዋል እየበላ ግማሽ ላይ ጠገበና አቆመ። የገባው 30 ግራም ነው፤ ኢንሱሊኑ ግን ለ60 ተሰልቷል። ፈጣን ኢንሱሊን በ15 ደቂቃ ገደማ መሥራት ይጀምራል፣ ከፍተኛ ጉልበቱ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፣ ለተጨማሪ ሰዓታትም ይቆያል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ስኳሩ ይወርዳል፤ እሱን ለማውጣት ጣፋጭ ይወስዳል፤ በማስተዋል የቀነሰው ሁሉ ከነወለዱ ይመለሳል።

መፍትሔው ማስተዋሉን ከመርፌው በፊት ማድረግ ነው። ረሃብን መገመት፣ መጠን መወሰን፣ ያንን ሰሃን ላይ ማውጣት፣ ከዚያ መውጋት፤ ከተወጋ በኋላ የተሰላበት ካርቦሃይድሬት ያልቃል። መተው ከተፈለገ ሥጋው ወይም ሰላጣው ይተው፣ ዳቦው ወይም ሩዙ ግን ይበላ። በዝግታ መብላትም የራሱ ችግር አለው፤ አንድ ማዕድ 45 ደቂቃ ከፈጀና ከምግቡ የሚመጣው ስኳር ከኢንሱሊኑ ከዘገየ የደም ስኳር መጀመሪያ ሊወርድና በኋላ ሊወጣ ይችላል። 20 እና 25 ደቂቃ ይበቃል። የሚበሉት መጠን በዘላቂነት ከቀነሰ የኢንሱሊኑም መጠን መስተካከል ስላለበት ለሐኪም መናገር ግድ ነው። ግሊቤንክላማይድና ዘመዶቹን የሚወስድ ሰው ደግሞ ክኒኑን ውጦ «አልራበኝም» ብሎ ማዕድ መዝለል የለበትም።

ጨውና ጥም ላይስ ይሠራል?

ይሠራል፤ እንዲያውም ከስኳሩ ይልቅ ቀላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሞላ ነው፣ ያውም በፋብሪካ ምግብ ውስጥ ያለውን ጨምሮ። ሳይቀምሱ መነስነስ የእጅ ልማድ ነው። መጀመሪያ መቅመስ፣ ከዚያ መወሰን የሚለው ደንብ ብቻ ብዙ ያስቀራል። ምላስ ጨው ሲቀንስበት መጀመሪያ ያማርራል፣ በተወሰኑ ሳምንታት ውስጥ ግን ይለምዳል፤ በፊት የሚስማማው ምግብ ኋላ ይጨውበታል።

አንድ ወጥመድ አለ። «ሶዲየም የሌለው» ተብለው የሚሸጡ የጨው ምትኮች ብዙዎቹ ፖታሲየም ክሎራይድ ናቸው። ኩላሊቱ ለታመመ፣ ወይም እንደ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ያሉ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶችን ለሚወስድ ሰው ፖታሲየም በደሙ ተከማችቶ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ሳይጠይቁ አይግዙ።

የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው በቀን የሚጠጣው በልክ ነው፤ ጥሙ ግን ልክ አያውቅም። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚያግዘው የአፍ መድረቅን ከጥም በመለየት ነው። አፍ ብቻ ከደረቀ መጉመጥመጥ፣ ትንሽ በረዶ መምጠጥ (እሱም ከዕለቱ ፈሳሽ ይቆጠራል) ወይም ስኳር የሌለው ማስቲካ ማኘክ ይበቃል። እውነተኛ ጥም በየቀኑ የሚያስቸግር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጨው በዝቷል ማለት ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው ከሆነም የደም ስኳሩ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

ምግብ ያስጠላኝ ከሆነስ?

እህል በአፉ አልዞር ላለው ሰው «ሲርብህ ብላ» ማለት አትብላ ማለት ነው። የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ፣ የሳንባ ሕመም ትንፋሹን የሚያሳጥረው፣ ልቡ የደከመ ሰው የሚበላው በሰዓት ነው፤ በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት። ትኩረቱ ወደ ሌላ ይዞራል፦ በቀኑ ውስጥ የተሻለ የሚበላው መቼ ነው? ብዙዎች ጠዋት ይሻላቸዋል፤ እንግዲያው ዋናው ማዕድ ጠዋት ይሁን። የሚያጥወለውለው ጣዕሙ ነው ወይስ ሽታው? ሽታው ከሆነ ቀዝቃዛ ምግብ ያነሰ ስለሚሸት ይቀላል። ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ከመብላቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ይረፍ፣ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ለስለስ ያለ ምግብ ይምረጥ። ለእሱ አንዲትን ዘቢብ ለደቂቃዎች ማላመጥ ድካም ብቻ ነው።

«አንዴ ተበላሽቷል» የሚለው ሐሳብስ?

ከዕቅድ ውጭ አንድ ቁራሽ ኬክ የበላ ሰው «ዛሬማ ተበላሽቷል» ብሎ ቀኑን ሙሉ ይለቀዋል። ጉዳቱን የሚያደርሰው ቁራሹ ሳይሆን ተከትሎት የሚመጣው ነው። ያለ ፍርድ ማየት የሚባለው የልምምዱ ክፍል በይበልጥ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከምግብ 2 ሰዓት በኋላ መለኪያው 230 ካሳየ (ለብዙ ሰው የሚታለመው ከ180 በታች ነው) ቁጥሩ የፈተና ውጤት አይደለም፣ ጠባይንም አይመዝንም። ምን ተበላ፣ ምን ያህል፣ መድኃኒቱ በሰዓቱ ነበር ወይ፣ እንቅልፍስ? ብሎ መጻፍና የሚቀጥለውን ማዕድ በዕቅዱ መብላት ነው። የሚቀጥለውን ማዕድ ዘሎ ማካካስ መልሶ ወደ ከባድ ረሃብ፣ ከዚያም ወደ አብዝቶ መብላት ይወስዳል።

ቤተሰብም እዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። እያንዳንዱን ጉርሻ እየተከታተለ «ይህ ይፈቀድልሃል?» የሚል ዘመድ አሳቢ ቢሆንም፣ ሕመምተኛው ተደብቆ መብላትን እንዲለምድ ያደርገዋል። አብሮ አንድ ዓይነት ምግብ መብላት ከመቆጣት የበለጠ ይሠራል።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

ከተጋነነው ያነሰ፣ ግን ባዶ ያልሆነ ነገር። በስሜት ተገፋፍቶ መብላትንና በአንድ ጊዜ አብዝቶ መብላትን በመቀነስ ረገድ ውጤቱ በአንጻራዊነት ጠንካራ ነው። ክብደትንና ስኳርን በተመለከተ ግን የተደበላለቀ ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ ዓይነት 2 ስኳር ባለባቸው አዋቂዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በማስተዋል የመብላትን ሥልጠና ከተለመደው የስኳር ሕመምተኞች ትምህርት ጋር አነጻጽሮ ነበር። ሁለቱም ቡድኖች በክብደትም በሦስት ወሩ የስኳር ምርመራም ተሻሽለዋል፤ በመካከላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ ቢሆንም በማስተዋል መብላት ትምህርቱን «ይበልጣል» የሚል ሰው ካጋጠመዎ ይህን ያስታውሱ። ሕመሙን ያድናል፣ መድኃኒት ያስጥላል የሚል ካጋጠመዎ ደግሞ አይስሙት።

ማን በራሱ አይጀምረው?

አሁን ወይም በፊት የአመጋገብ መዛባት ሕመም ያለበት፣ ማለትም ራሱን የሚያስርብ ወይም በልቶ የሚያስመልስ ሰው፣ ረሃብና ጥጋብን በቁጥር መከታተል ሊያባብስበት ስለሚችል በባለሙያ እጅ ይጀምር። ክብደት ለመቀነስ ብሎ ኢንሱሊን የሚዘል ሰው እንዲህ ያለ ልምምድ ሳይሆን አስቸኳይ ሕክምና ነው የሚያስፈልገው፤ ደሙ አሲድ ሆኖ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። አንጀቱ የቆሰለ ወይም የሚቆጣ ሰው ደግሞ ትኩረቱ በሆዱ ላይ ሲበዛ እያንዳንዱን ጉርምርምታ እየፈራ የሚበላውን ዝርዝር ያሳጥራል። የሚበሉት የምግብ ዓይነቶች ከወር ወር እየቀነሱ ከሄዱ ልምምዱን አቁሞ የሥነ ምግብ ባለሙያ ማየት ይሻላል። ስትሮክ ያገኘውና ሲውጥ የሚያስለው ሰው ምን ዓይነት ውፍረት ያለው ምግብ እንደሚስማማው አስቀድሞ ይመርመር።

ለልብ ድካም ሕመምተኛ ሚዛኑ ከስሜቱ ይቀድማል። በየጠዋቱ ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ይመዘን፤ በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ከ1 እስከ 2 ኪሎ መጨመር ብዙውን ጊዜ የተጠራቀመ ፈሳሽ እንጂ ምግብ አይደለም፣ በዚያው ቀን ለሐኪም ይነገራል። በተቃራኒው ሳይፈልጉት ክብደት ከቀነሰ፣ በ6 ወር ወይም በ12 ወር ውስጥ ከነበረው 5 በመቶ ከጎደለ (70 ኪሎ ለነበረ ሰው 3.5 ኪሎ ማለት ነው) በደንብ እየበላሁ ነው ብለው አይለፉት። ሲሄዱም የጻፉትን የምግብና የክብደት ማስታወሻ ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ መቀነሱ ከመቼ እንደጀመረ ነው።